ያባረራት ጂቡን ነው

ኪዮኤ ሳካይ ወደምትባለው ከተማ የገባች ዕለት ቀድሞ የተቀበላት የኮምጣጤ ሽታ ነበር። ባሏ ቶሞጂ ሻንጣዋን አንጠልጥሎ ከፊት ይሄዳል፤ እሷ ትከተላለች፤ ወደ ሰፈሩ ጠባብ መንገድ ሲታጠፉ ሽታው አፍንጫዋን ሰነፈጣት። ኮንቡን ራሱን አሳምራ ታውቀዋለች። የተወለደችው በሰሜኑ ደሴት፣ በሂዳካ ጠረፍ፣ ይህን ረጅም የባሕር ቅጠል ከውሃ እየጎተቱ ጠጠር ላይ ከሚያሰጡ ሰዎች ነው። እዚያ ኮንቡ የሚሸተው ባሕር ባሕር ነው። ሳካይ ግን በኮምጣጤ ያርሱታል፤ ሲለሰልስ አንዱን ጫፍ በእግር ረግጠው፣ ሌላውን በእጅ ወጥረው፣ በስል ቢላ እንደ ሐር እያሳሱ ይልጉታል። የቶሞጂ አባትም አያቱም የኖሩት በዚህ ነው።

ያገናኛቸው ኮንቡ ሊገዛ በየዓመቱ ወደ መንደሯ የሚመጣ ነጋዴ ነበር። ኪዮኤ ሃያ ስድስት ዓመት አልፏት ነበር፤ በጠረፉ ሰዎች ዓይን ቆማ ቀርታለች። ቶሞጂ በዕድሜ ብዙ ይበልጣታል፤ ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ አግብቶ ነበር። አማጩ ስለ ፊተኛዋ ሚስት ሲጠየቅ፣ የኮምጣጤው ሽታ አልስማማ ብሏት ሄደች፣ አለ።

የኪዮኤ አባት «ሄደች ነው ወይስ ሸኟት?» ብሎ ጠየቀ።

አማጩ ፈገግ ብሎ ሻዩን ፉት አለ። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

አባቷ ከጦርነቱ የተመለሰ ሰው ነው። ወታደር ቤት የለመደውን አነጋገር እስከ መጨረሻው አልተወውም፤ «እኔ» ማለት ሲፈልግ «ጂቡን» ነበር የሚለው። ቃሉ «ራስ» እንደ ማለት ነው። በቋንቋቸው «እኔ» ለማለት ቃሉ ብዙ ነው፤ ሕፃኑ በአንዱ፣ ጎልማሳው በሌላው፣ ሴቲቱ በሌላው ትላለች፤ የማይፈልግ ደግሞ ጨርሶ ሳይለው ይውላል፤ ግሡ የማን እንደሆነ አይናገርምና። የኪዮኤ አባት ግን መረብ የቀደደም እሱ ከሆነ፣ ጀልባ ሳያስር የተወም እሱ ከሆነ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ጂቡን ነው» ይላል። ለልጁ ይህ ቃል ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ የሚያስቀምጥበት፣ ውሸት የማይቀላቀልበት ቃል ሆኖ ነው ጆሮዋ ውስጥ የቀረው።

እሷ ራሷ ያደገችው እንደ መንደሯ ሴቶች ሁሉ ራሷን «ዋ» እያለች ነው። ሳካይ በገባች ሰሞን፣ ደንበኛ ፊት በርሜሉን ዋ ልጠበው ብላ ስትነሣ ሰውየው ሳቀ። ቶሞጂ ማታ እራት ላይ በለሰለሰ ድምፅ፣ እዚህ «ዋታሺ» ነው የሚባለው አላት። ሞከረችው፤ አፏ ላይ አልቀመጥ አላት፤ ሌላ ሴት በእሷ አፍ የምትናገር እየመሰላት ትደነግጣለች። በመጨረሻ ራሷን ከንግግሯ ውስጥ አወጣች። ሩዙ በስሏል፣ ትላለች። ውሃው ተቀድቷል። በርሜሉ ታጥቧል። ማን እንደሠራው ያየ ይወቅ።

በቤቱ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ነበረች፤ የቶሞጂ ታላቅ እህት ማሳኖ። ባሏ ሲሞትባት ወደ ተወለደችበት ቤት ተመልሳ የኋላዋን ክፍል ይዛለች። ሥራዋ ቢላ መሳል ነው። ኮንቡ የሚላግበት ቢላ ስለቱ ከተሳለ በኋላ በጥቂቱ መታጠፍ አለበት፤ ይህን ከማሳኖ የተሻለ የሚችል በሰፈሩ አልነበረም። ንግግር አታበዛም። ዓይኗን ቢላው ጠርዝ ላይ እንደምታሳርፈው ሰው ላይ ታሳርፍና ትቆያለች፤ ያየችውን አትናገርም።

በመጀመሪያው መኸር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጠው ሰው ጥሩምባ ተሰማ። ኪዮኤ ሳህን ይዛ ሮጠች፤ እስክትደርስ ሰውየው መንገዱን አቋርጦ ሄዷል። በጓሮ በር ተመለሰች። ነጠላ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል የማሳኖ ድምፅ ከመሥሪያው ክፍል መጣ።

«ፉዩሚን ያባረራት እኮ ጂቡን ነው፤» አለች ማሳኖ። «ይቺኛዋስ ስንት ጊዜ ትቆይ ይሆን?»

ቶሞጂ መላጉን ቀጠለ። የቢላው ሽው ሽው የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ኪዮኤ ባዶ ሳህኗን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ፉዩሚ የፊተኛዋ ሚስት ስም ነው፤ ይህን ታውቃለች። ጂቡን ማለት እኔ ማለት ነው፤ ይህንንም ከልጅነቷ ታውቃለች። ስለዚህ ሴቲቱን ከቤት ያስወጣቻት ማሳኖ ናት። አፏን ሞልታ ትናገረዋለች። አሁን ደግሞ የሁለተኛዋን ዕድሜ ትለካለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኪዮኤ ዓይኗን ከማሳኖ አላነሣችም። ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ የሚያየው ሁሉ ማስረጃ ይሆንለታል። ሾርባ ስትሠራ ማሳኖ ቀምሳ፣ ጨው በዝቷል፣ እዚህ እንዲህ አንበላም ብላ ውሃ ትጨምርበታለች፤ ባሌ ፊት ልታሳጣኝ ነው ትላለች ኪዮኤ በሆዷ። ከአገሯ ያመጣችው በጨው የተዘፈዘፈ አትክልት ማሰሮ አንድ ቀን ከማድቤት ወጥቶ ጓሮ ተገኘ፤ ልትጥልብኝ ነው አለች። ያሰጣችውን ልብስ ማሳኖ አንሥታ ሌላ ገመድ ላይ ታሰጣዋለች። ገበያ ልሂድ ስትላት ደግሞ፣ «እኔ እሄዳለሁ፤ አንቺን በአነጋገርሽ ይቀልዱብሻል» ትላታለች። ይህኛው ከሁሉ ይልቅ አስፈራት። ከጎረቤት ጋር እንዳልተዋወቅ እያደረገችኝ ነው፤ ሳባርራት ማንም አይጠይቅም ብላ ነው።

ሌላም ነበር። ማሳኖ በየወሩ አንድ ቀን በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ፣ ወዴት እንደምትሄድ ሳትናገር ባቡር ትሳፈራለች። ስትመለስ ጨርቁ ባዶውን ታጥፎ በእጇ ነው። ኪዮኤ አንድ ጊዜ ልብሷን ለባብሳ እስከ ባቡሩ መቆሚያ ተከተለቻት፤ ማሳኖ ዞር ስትል ስለተገናኙ፣ ዶሮ ጠፍታ እየፈለግሁ ነው አለቻት። ቤቱ ውስጥ ዶሮ አልነበረም። ማሳኖ አየቻት፣ አየቻት፣ ባቡሩ ሲመጣም ተሳፈረች።

ብርዱ ክረምት ሲገባ ኪዮኤ ለባሏ ልትነግረው ቆረጠች። ማሳኖ የሌለችበትን ቀን ጠበቀች። ቶሞጂ እንደ ወትሮው ቅጠሉን ወጥሮ ይልጋል፤ እሷ አጠገቡ ተንበርክካ የተላገውን እየሰበሰበች ጀመረች።

«አንድ ነገር ሰምቼ ነበር፤ እርስዎን ላስቸግር ብዬ አይደለም።»

«ምን ሰማሽ?»

«እትዬ ማሳኖ ለእርስዎ ሲነግሩ ነው። ፉዩሚን ያባረራት ጂቡን ነው አሉ።»

ቢላው ቆመ። ቶሞጂ ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከታት። የሆነ ነገር ሊናገር አፉ ተከፍቶ እንደነበር በኋላ ነው ያስታወሰችው።

«እንደዚያ ስትል ሰማሻት?» አለ።

«ሰማኋቸው።»

«እንግዲህ ሰምተሻላ፤» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ቶሞጂ እንደ ማር ጣፈጣት። እህቴ ሆዷ የሻከረ ሰው ናት፣ ባል ከሞተባት ወዲህ የሰው ትዳር አይዋጥላትም፣ አይዞሽ፣ እኔ እነግራታለሁ እያለ ያጽናናታል። ጥቂት ሰንብቶ መላ አመጣ። ዋካያማ ገጠር ውስጥ መንደሪን የምታለማ አክስት አለች፤ አርጅታለች፤ ብቻዋን ናት፤ ማሳኖ ሄዳ ብትጦራት ለሁሉም ይበጃል። ቢላውስ ማን ይስለዋል ብትለው፣ ለሌላ ሰው እንከፍላለን አላት። ኪዮኤ አንገቷን ዝቅ አደረገች። እሺ ማለቷ ነበር። ያን ዕለት እንቅልፍ በደንብ ወሰዳት፤ ጠዋት ግን ማሳኖን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ማሳኖ ሲነገራት አልተከራከረችም። ቶሞጂን አየችው፤ ቀጥሎ ኪዮኤን አየቻት፤ ሞረዶቿን አንድ ባንድ በአሮጌ ጨርቅ መጠቅለል ጀመረች።

በዚያው ሰሞን ቶሞጂ ሌላ ደስታ አመጣላት። በጋው ሲመጣ፣ ለሙታን መታሰቢያ፣ ለቦን በዓል፣ አገርሽ ሂጂ፤ አባትሽን እዪ፤ መንገዱ ሩቅ ነውና የፈለግሽውን ያህል ቆዪ አላት። ኪዮኤ እንባዋ መጣ። እንዲህ ያለ ባል ለማን ተሰጥቷል ብላ ነበር።

ማሳኖ ልትሄድ ዕቃዋን ስትሸክፍ ገበያው ለኪዮኤ ወረደ። መጀመሪያ የሄደችው ዓሣ ሻጩ ጋ ነው። ጥቂት ሴቶች ተሰልፈዋል። ተራዋ ሲደርስ ዓሣ ሻጩ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ከዚያ የሚሰፋ ሰው፣ እያየ ሳቅ አለና፣

«ጂቡን ከየት ነው የመጣው?» አላት።

ኪዮኤ ግራ ገባት። ሰውየው የራሱን አገር እሷን ይጠይቃታል? ዝም እንዳትል ነውር መሰላት።

«ምን ይታወቃል፤» አለች፣ «ከወደቡ ይሆናላ።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዓሣ ሻጩ ቢላውን አስቀምጦ ዓይኑን ጠረገ። ሚስቱ ከኋላ ሆና፣ «አትፍረዱባት፤ ይኸ ሰውዬ ከየት እንደመጣ እኔም አብሬው እየኖርኩ አላወቅሁም» ብላ አሳቀቻቸው፤ ከዚያ ወደ ኪዮኤ ጠጋ አለች።

«አንቺን ነው የጠየቀሽ። እዚህ ጂቡን ማለት አንቺ ማለት ነው።»

«አንቺ?»

«አንቺም አንተም። እንደ እኩያ ሲቀራረቡ ነው የሚባለው። በእናንተ አገር እንዴት ነው?»

«በእኛ እኔ ማለት ነው፤» አለች ኪዮኤ፤ ድምፅዋ ቀነሰ። «እህት ወንድሟን ጂቡን ብትለውስ?»

«አንተ ማለቷ ነዋ።»

ኪዮኤ ዓሣውን ተቀበለች። ለመሄድ ዞር ስትል የዓሣ ሻጩ ሚስት ለወሬ ያህል፣ በጋውን እዚሁ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ኪዮኤ፣ ባሌ ለቦን አገርሽ ሂጂ ብሎኛል አለች። የሴትዮዋ ፊት ሳቁን ጣለ።

«የሙሽርነት ሳጥንሽን ይዘሽ?» አለቻት።

«ለበዓል ለምን ሳጥን እይዛለሁ?»

«እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ፤» አለችና ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረች።

ኪዮኤ ውሃ ጠብ ጠብ የሚለውን ዓሣ ይዛ ስትመለስ፣ ያ የመኸር ቀን ነገር እንደገና ጆሮዋ ውስጥ ተናገረ። ድምፁ ያው ነው፤ ቃሉ ያው ነው፤ የሚወድቅበት ሰው ግን ተለወጠ። ማሳኖ ወንድሟን እየከሰሰችው ነበር። ይቺኛዋስ ስንት ጊዜ ትቆይ ይሆን ያለችውም፣ አሁን ሲሰሙት፣ ስጋት ነበር። ከሁሉ የከፋው የቶሞጂ አፍ ነው፤ ተከፍቶ የተዘጋው። እሷ የሰማችውን ስትነግረው እንደተሳሳተች ያን ጊዜውኑ ገብቶታል። «እንግዲህ ሰምተሻላ» አላት። በስህተቷ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ እህቱን በእሷ እጅ ሊያስወጣ።

በጓሮ ገባች። ማሳኖ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ዕቃዋን በገመድ ታስራለች። ኪዮኤ ዓሣውን እንኳ ሳታስቀምጥ ፊቷ ተንበረከከች፤ በመኸር የሰማችውን፣ እንዴት እንደተረዳችው፣ ለማን እንደተናገረችው ሁሉንም አወጣችው። ማሳኖ ገመዱን ለቀቀች።

«በዚህ ነው እንግዲህ ስታጮልቂብኝ የከረምሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ዶሮዋም ለዚህ ነበረች?»

«ለዚህ ነበረች።»

የማሳኖ ከንፈር ጠርዙ ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ እንኳ አልነበረም። ከዚያ ነገረቻት። ፉዩሚ ኖራ ኖራ ልጅ አልወለደችም። ቶሞጂ አልተቆጣትም፤ አልመታትም፤ ክፉ ቃልም አልወጣውም። ለቦን ወላጆችሽን ጠይቂ፣ የፈለግሽውን ያህል ቆዪ አላት። ደስ ብሏት ሄደች። በዓሉ ሲያልፍ፣ ልትመለስ ጓዟን ስትጠቀልል፣ የጭነት መኪና ወላጆቿ በር ላይ ቆመ፤ ሙሽራ ሳለች ያመጣችው የልብስ ሳጥን ተጭኖበታል። ከሳጥኑ ጋር አንድ ቃል አልተላከም።

«ሳጥኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤» አለች ማሳኖ። «እሰሪ አለኝ፤ አሰርኩ። የት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ስለዚህ ንጹሕ ነኝ አልልሽም። ገበያ የከለከልኩሽም ይህን ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው፤ መጀመሪያ ትልመድ ብዬ።»

ኪዮኤ ወዲያው አላመነችም። በአንድ ጠዋት ስለ አንድ ሰው ሐሳቡን የገለበጠ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላውን ለማመን አይቸኩልም። ይህችም የራሷን ቆይታ ለማትረፍ የምትናገረው ቢሆንስ? ይህን ከፊቷ ሳታነብባት አልቀረችም ማሳኖ፤ ተነሥታ በጨርቅ የተቋጠረውን ነገር አወጣች። ሲላግ የተረፈ የኮንቡ ፍርፋሪ ነበር።

«ለፉዩሚ የምወስድላት ነገ ነው። ነይና ራስሽ እዪ።»

በማግስቱ አብረው ተሳፈሩ። ፉዩሚ ኪሺዋዳ ውስጥ አንድ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት እሳት የሚያነድ ሰው አግብታ ከምድጃው በስተኋላ ባለ ክፍል ትኖራለች። አንድ ሕፃን ጀርባዋ ላይ ታዝሏል፤ ሌላው እግሯ ሥር ይድሃል። ኪዮኤን ስታይ ማን እንደሆነች ሳይነግሯት አወቀች። ሻይ ቀዳችላቸው፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ሕፃኑ ጥርስ አወራች። ስለ ቶሞጂ ምንም አላለችም፤ ኪዮኤም አልጠየቀችም። ግን ጥግ ላይ የልብስ ሳጥን አየች። የላይኛው ማዕዘን ላይ ገመድ የላጠው ቦታ አለ። ሁለቱን ልጆች አየች፤ ሳጥኑን አየች፤ ከዚያ በላይ የሚነግራት አላስፈለጋትም። መሃን ተብላ የተሸኘች ሴት ልጆች ከነበሯት፣ ልጅ ያልመጣው በማን እንደሆነ አሰበች፤ የራሷ ሆድም ለምን ዝም እንዳለ በዚያች ደቂቃ ጠረጠረች።

ሲመለሱ ቶሞጂ መሥሪያው ውስጥ ነበር። ኪዮኤ ኮቷን ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች። ከመጣች ጀምሮ ትለው የነበረው «እርስዎ» በዚያ ቀን ከአፏ ጠፋ።

«ፉዩሚን ማን ነው ያባረራት?»

«እንዲያው ሆነ፤» አለ ቶሞጂ።

«ማን ነው ያደረገው?»

«ሆነ አልኩሽ እኮ።»

«የሰማሁትን ስነግርህ እንደተሳሳትኩ ገብቶህ ነበር። ለምን ዝም አልክ?»

ቶሞጂ ቅጠሉን ወጠረ፤ ቢላውን ሰነዘረ፤ ስስ ሐር ይወጣል ሲባል ቅጠሉ ከመሃሉ ተቀደደ። እንዲህ ያለ ነገር ለዘመናት አልደረሰበትም። የተቀደደውን ጎን አኑሮ ሌላ ቅጠል ሳበ።

«እትዬ ማሳኖ ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ፤ ሳጥኔንም ራሴ ነኝ የምጭነው፤» አለች ኪዮኤ። «ለቦን ግን የትም አልሄድም።»

በአፏ የወጣው «እኔ» የመንደሯ «ዋ» ነበር። የሳቀ አልነበረም።

ማሳኖ ሳትሄድ ቀረች። የአዲስ ዓመት ትእዛዝ ሊመጣ ነውና የሁለት ሴት እጅ ቢጎድልበት ሥራው ይወድቅ ነበር፤ ቶሞጂ የተረታው ለዚህ ነው ወይስ አፍሮ ነው፣ ኪዮኤ ለረጅም ጊዜ አሰበችበት፤ ወደ መጀመሪያው አደላች።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ፤ ለሰው ቢያወሩት የሚሰማ ነገር የለባቸውም። ማሳኖ ኪዮኤን ቢላ መሳልና ማጠፍ አስተማረቻት፤ ኪዮኤም ቀስ በቀስ ራሷ መላግ ቻለች፤ ደንበኛ ሥራዋን ከቶሞጂ ሥራ መለየት እስኪያቅተው ደረሰች። ልጅ አልመጣም። ስለዚያ አልተነጋገሩም። ቶሞጂ ክፉ ባል አልነበረም፤ እንዲያውም ደግ ነበር ማለት ይቻላል፤ ችግሩ ደግነቱ ነው። የልብስ ስፌት መኪና ሲገዛላት ምን ፈልጎ ነው ብላ ወር ሙሉ ከፍታ ሳትሠራበት ቆየች። ሲያማት ገንፎ አዘጋጅቶ ሲያመጣ፣ እያመሰገነች ዓይኑን ታነባለች። ከቤት ብትወጣ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው ሳጥኗ በቦታው መኖሩን ነው።

አባቷ ታሞ ሞተ የሚል ቴሌግራም የመጣ ቀን ቶሞጂ ገንዘብ አውጥቶ፣ ሂጂ፣ ቅበሪ፣ አትቸኩዪ አላት። ሂጂ ስላላት ቀረች። ማሳኖ፣ ሳጥንሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ፣ እኔ ካልሞትኩ አይወጣም ብላ ለመነቻት፤ ኪዮኤ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች እንጂ ከቤት አልወጣችም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ጥፋቱን የሚናገረውን ያንን ሰው ሳትቀብረው መቅረቷ በጥርጣሬዋ ከከፈለችው ሁሉ ትልቁ ነው። በዚያ ጉዳይ ማንን እንደምትወቅስ አታውቅም ነበር፤ አንዳንዴ ቶሞጂን፣ አንዳንዴ ራሷን።

ቶሞጂ አረጀ፤ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቢላውን ለኪዮኤ ለቀቀላትና ተቀምጦ የተላገውን መሰብሰብ ሆነ ሥራው። አንድ የክረምት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማሳኖ ከምድጃው አጠገብ ስታንቀላፋ፣ ሰው ሳይጠይቀው ተናገረ።

«ፉዩሚን ያባረርኳት እኔ ነኝ።»

ኪዮኤ ቢላዋን አቆመች። ዕድሜውን ሁሉ ሲናደድም ሲጠጣም «ኦሬ» የሚባለውን የጎልማሳ ወንድ «እኔ» ይል የነበረ ሰው፣ ያን ጊዜ ያለው «ቦኩ» ነው፤ ልጅ ሆኖ እናቱን ያናግርበት የነበረው።

«ለእሷ አንድ ቃል አልነገርኳትም። ለሾፌሩ ነው የነገርኩት። እሷን ማየት ፈርቼ ነው፤» አለ። «አንቺ ተሳስተሽ ስትሰሚም ደስ አለኝ። ሌላ ሰው ያደረገው መሰለኝ።»

«ዛሬ ለምን ነገርከኝ?»

«እንጃ።»

ይህ «እንጃ» ሰላም ነሣት። በሚቀጥሉት ቀናት መድኃኒቱን ፈተሸች፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የደበቀኝ ነገር አለ ብላ የኮት ኪሱን በረበረች። ምንም አላገኘችም። አይበላ እንደሆን አየች፤ ይበላል። ሊያስፈርማት የሚፈልገው ነገር ይኖራል ብላ ጠበቀች፤ ያመጣው የለም። በመጨረሻ ለማሳኖ ነገረቻት።

ማሳኖ ሰማቻት። «ምን ቀረሽ?» አለቻት። «ሠላሳ ዓመት ስትጠብቂው የነበረውን ነገረሽ። አሁን ደግሞ ለምን ነገረኝ ብለሽ ሌላ ሠላሳ ዓመት ልትጠረጥሪ ነው? እኔ ያን ያህል አልኖርልሽም።»

ኪዮኤ፣ እተዋለሁ አለች። ወዲያው አልተወችውም። ግን ክረምቱ አልፎ፣ የዝናቡ ወራት አልፎ፣ ሙቀቱ ሲመጣ አንድ ቀን ራሷ፣ ማንም ሂጂ ሳይላት፣ ዘንድሮ ለቦን አገሬ እሄዳለሁ፣ የአባቴን መቃብር አላየሁትም አለች። ቶሞጂ ቀና ብሎ አያት። ቆዪም ቶሎ ተመለሺም አላለም፤ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ከአፉ እንዳይወጣ የተጠነቀቀ መሰላት።

የምትሄድበት ጠዋት ሻንጣዋን እሱ ያዘው። እጁ እየተንቀጠቀጠ እስከ ባቡሩ መቆሚያ ተሸከመላት፤ እሷ ይህን ጊዜ አጠገቡ ነበር የምትሄደው። ባቡሩ ዘገየ። ተቀምጠው ስለ እንጆሪ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት የተሰነጠቀ ጣሪያ አወሩ።

«መቼ ትመጫለሽ?» አላት በመጨረሻ።

«ስጨርስ።»

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ኪዮኤ በመስኮቱ ዞራ አየችው። ወደ ቤቱ ይሄድ ይሆን ወይስ የጭነት መኪናዎቹ ወደሚቆሙበት ጎን ይታጠፍ ይሆን ብላ አንገቷ እስኪታመም ተከታተለችው። ቶሞጂ ትንሽ ቆመ፤ ኪሱን ዳበሰ፤ ከዚያ ወደ ዓሣ ሻጩ ሱቅ ገባ። የገዛው ምን እንደሆነ ስትመለስ ማሳኖ ነገረቻት፤ ማኬሬል የሚባል ዓሣ ነው፤ ያውም የሰነበተ፤ እሷና ቶሞጂ ሆዳቸውን ቆርጧቸው ሰነበቱ።